መሸኛ

«ልጅቱ ወዴት ነው የምትዛወረው?»
አሉኝ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ዓይናቸው ቅጹ ላይ ነው፤
መነጽር ከግንባር፣ እስክሪብቶ ከጆሮ፣
መዝገብ ቤቱ ጠባብ፣ በፋይል ታጥሮ።
በመስኮቱ ሽንቁር ጉም ይገባል ገፍቶ፣
ከጣርማ በር አድሮ፣ በጠዋት ተነሥቶ፤
ደብረ ሲና ሲገባ ማን ያስቆመው አለ፣
«መሸኛህን አሳይ፣ ከየት መጣህ?» ያለ።

«ወደ ቤት» አልኳቸው።
«የትኛው ትምህርት ቤት?»
«ወደ ቤት። ወደ እኛ። ቆርቆሮውን ዝገት
የበላው፣ ከመናኸሪያው በላይ።»

ሳቁ። አልከፋኝም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሬዲዮ ስጠግን፣
«ሞቷል» ብለው ሲያመጡልኝ የምለውን
አልኳቸው፦ «ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤
አንዲት ክር ናት የላላችው።»
የማስተዋል ግራ ጆሮ ከኩፍኝ ወዲህ ተዘግቷል፤
ሰባ አራት ልጅ ከአንድ ክፍል፣ ድምፅ ከድምፅ ተጋጭቷል፤
መምህሩ ከሰሌዳው፣ እሷ ከኋላ ጥግ፣
ዳገት የያዘ ተሳቢ መስታወቱን ንዝር ሲያደርግ።
«ሰባት ሲባዛ በስምንት?» ተጠየቀች በክፍሉ፤
«አቤት?» አለች ሦስቴ። «ደንቆሮ!» አሏት ሁሉ።
ይሄን ግን ሰማችው፤
በደኅናው ጆሮዋ ነበር የገባው ቃሉ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ሳቃቸውን ዋጡ።
ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት መዝገብ አወጡ፦
አንዱ ሰማያዊ፣ «የተዛወሩ»፤
አንዱ ጀርባው ቀይ፣ «ያቋረጡ»።
«ሦስተኛ መዝገብ የለኝም፤ ወይ ይኼ ወይ ያ ነው፤
ተቀባዩ ካልታወቀ መሸኛው ለማን ነው?»

ወረዳ ላኩኝ። እዚያ የተቀመጠው ልጅ፦
«ማመልከቻ በሦስት ኮፒ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የሁለት ምስክር እጅ።
የሚያስተምራትስ ማን ነው? በየትኛው ዲፕሎማ?
ፈተናውንስ የት ትቀመጣለች? ቆይ፣ ኃላፊው ይስማ።»
የኤሌክትሪክ ሰርተፊኬት አለኝ፣ ፍሬሙ ተሰብሯል እንጂ፣
አላልኩም።
ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ። ማክሰኞም ስብሰባ።
ሐሙስ በሩ ተከፈተ፤ ጫማዬን ጠርጌ ስገባ
መመሪያውን ሳቡና ገለጡ፣ ገለጡ፣
«ልጅን ከትምህርት ማስቀረት…» ከሚለው ሌላ አጡ።
«አላስቀርም» አልኩ፤ «ላቀርባት ነው።
ያስቀራትስ የኋላ ወንበር ነው።»
ዝም አሉ። እንደ ፈቃድ ቆጥሬው ወጣሁ።
ስሕተት ሊሆን ይችላል፤
ዝምታ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና፣ በለመድኩት ፈታሁ።

ይፍቱሥራ ግን ማታ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣
«ሂሳቡን ታስተምራታለህ፤ የምትጣላውስ ማን አላት?» አለች።
የተፈታ ቴፕ ፊት ቁጭ አልኩ፤
አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ አጠበቅኩ።

ዓርብ ተመለስኩ። ቅጹ ላይ ነጥብ በነጥብ፦
ተቀባይ ት/ቤት . . . . . . . . .
እስክሪብቶ አነሣሁ። «ት»ን ሰረዝኩ፣ አጠገቧ ያለችውን ዘንባላ መስመርም።
ቤት ቀረ።
«ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አንቀበልም» አሉ።
አዲስ ሰጡኝ። ሰረዝኩ። ደግሞ ሰጡኝ። ደግሞ።
በሦስተኛው አፋቸውን ከፍተው ማኅተሙ ላይ «ህህ» አሉ፤
መቱት።
ደብዛዛ ነው። ቀለሙ አልቆ ይሁን ሆን ብለው፣ ዛሬም አላውቅም።
ከሁለቱ መዝገብ የትኛው ላይ እንደ ጻፏት
አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት።
ዩኒፎርሟን ለብሳ ግቢው መሃል ቆማለች፣
ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ርቀት ትለካለች፤
ከፊቷ ጉም ብቻ።
«አባዬ፣ ሰልፉስ?» አለች።
ለዚህ የሚሆን ማመልከቻ
አልጻፍኩም ነበር።

ጀርባዬን ሰጥቼ ከፊቷ ቆምኩ።
ጣቶቿ ትከሻዬ አልደረሱም፤ ቀበቶዬን ነኩ።
እኔም እጆቼን ወደ ጉሙ ዘረጋሁ፣
ማን እንዳለ ሳላይ።
«አውርድ!» አለች ከኋላዬ፣ ጮክ ብላ፣
አወረድኩ።